ሄልሜት ያጠለቀውን የሚቀጣ ሕግ

መቼም ክሪኬት ለብዙዎቻችን የሳተላይት ቻናል ስንቀያይር የምናልፈው፣ ነጭ የለበሱ ሰዎች ለአምስት ቀናት ቆመው የሚውሉበት ጨዋታ ነው፡፡ እኔም ጨዋታውን አውቀዋለሁ አልልም፡፡ የሳበኝ ሕጉ ነው፡፡ ሕጉን የሚያወጣው የለንደኑ ሜሪልቦን ክሪኬት ክለብ ሲሆን፣ ስለ ሄልሜት የደነገጋቸው ነገሮች ሕግ አውጪ አንዱን ቀዳዳ ልድፈን ሲል ሌላውን እንዴት እንደሚከፍት ያሳያሉ፡፡

በቅድሚያ ስለ አደጋው፡፡ የክሪኬት ኳስ በቆዳ የተሸፈነ፣ 160 ግራም ገደማ የሚመዝን ጠጣር ነገር ነው፡፡ ፈጣን ወርዋሪዎች በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ያስወነጭፉታል፡፡ ታዲያ በዱላ ከሚመታው ተጫዋች ጥቂት እርምጃ ብቻ ርቆ፣ ጎንበስ ብሎ የሚጠብቅ የተጋጣሚ ተጫዋች አለ፡፡ ቦታው ሾርት ሌግ ይባላል፡፡ ሥራው ከዱላው የነጠረውን ኳስ መሬት ሳይነካ መቅለብ ነው፤ ከቀለበው መቺው ይሰናበታል፡፡ ይህ ሰው ጓንት ማድረግ አይችልም፡፡ ጓንትና ከልብስ በላይ የሚታሰር የእግር መከላከያ የተፈቀደው ከመቺው ጀርባ ለሚቆመው ዊኬት ጠባቂ ብቻ ነው፡፡ ሄልሜት ግን ይፈቀድለታል፡፡

ሄልሜት ራሱ ዘግይቶ ነው የመጣው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1933 አዴሌድ ላይ የአውስትራሊያው በርት ኦልድፊልድ የራስ ቅሉ ተሰንጥቋል፤ በቴስት ግጥሚያ የመጀመሪያው ሄልሜት የታየው ግን በ1978 ባርቤዶስ ላይ፣ በግራሃም ያሎፕ ራስ ላይ ነው፡፡

ሕጉ አዲሱን ዕቃ በጥርጣሬ ተቀበለው፡፡ ኳሱ የተጫዋቹን ደረት፣ ትከሻ ወይም ባዶ ራስ መትቶ ነጥሮ ቢቀለብ መቺው ይሰናበታል፤ ሄልሜት መትቶ ከነጠረ ግን አይሰናበትም ተባለ፡፡ ምክንያቱ አይጠፋኝም፡፡ ሄልሜት የሰውነት አካል አይደለም፣ ኳስ እያነጠረ ለቡድኑ ያልተገባ ጥቅም ሊሰጥ ይችላል የሚል መከራከሪያ ይቀርብበታል፡፡ ውጤቱ ግን ምንድን ነው? ራሱን የሸፈነ ሰው ቡድኑን ሲያስጎዳ፣ ያልሸፈነው ይጠቅማል፡፡

ይህ የወረቀት ላይ ክርክር ብቻ አይደለም፡፡ በፌብሩዋሪ 1998 ዳካ ውስጥ በተደረገ የክለቦች ግጥሚያ ህንዳዊው ራማን ላምባ ያለ ሄልሜት ሾርት ሌግ ላይ ቆመ፡፡ የቀሩት ኳሶች ጥቂት ናቸውና ሄልሜት ማስመጣቱን አልፈለገም፡፡ የተመታው ኳስ ራሱን መትቶ ወደ ኋላ ነጠረ፣ ዊኬት ጠባቂው ቀለበው፣ መቺው ተሰናበተ፡፡ ላምባ በቀናት ውስጥ አረፈ፤ ዕድሜው 38 ነበር፡፡ ሄልሜቱን የተወው በሕጉ ምክንያት ነው ማለቴ አይደለም፡፡ ነገር ግን ልብ በሉ፤ አጥልቆ ቢሆን ኖሮ እሱ በሕይወት በተረፈ፣ ሕጉም ያንን ቅልብ ውድቅ ባደረገው ነበር፡፡

ሕጉ የተለወጠው ከዚያ 19 ዓመታት በኋላ፣ በኦክቶበር 2017 ነው፡፡ አሁን ከተጫዋች ሄልሜት የነጠረ ኳስ ቢቀለብ መቺው ይሰናበታል፡፡ በመካከሉ በ2014 የ25 ዓመቱ ፊሊፕ ሂዩዝ ሲድኒ ላይ፣ ሄልሜት አድርጎ እየመታ ሳለ፣ ኳስ አንገቱን መትቶት ሕይወቱ አልፏል፡፡ የዓለም አቀፉ ክሪኬት ምክር ቤት ደግሞ ከጁን 2023 ጀምሮ ፈጣን ወርዋሪ ለሚገጥሙ መቺዎች፣ ዊኬቱ ሥር ለሚቆሙ ጠባቂዎችና ከመቺው ፊት ለፊት ተጠግተው ለሚቆሙ ተጫዋቾች ሄልሜትን ግዴታ አድርጓል፡፡ በእኔ እምነት በምርጫ መተው ያልነበረበት ጉዳይ ነው፤ ቡድኑ ፊት ሄልሜት አምጡልኝ ማለት ለኩሩ ተጫዋች ቀላል አይደለምና፡፡

አንድ አሮጌ ድንጋጌ ግን ዛሬም አለ፤ እሱንስ እደግፈዋለሁ፡፡ ተጫዋቹ ያወለቀው ሄልሜት ሜዳ ውስጥ መቀመጥ የሚችለው ከዊኬት ጠባቂው ጀርባ፣ ከሁለቱ ዊኬቶች ጋር በአንድ መስመር ብቻ ነው፡፡ በጨዋታ ላይ ያለ ኳስ እዚያ የተቀመጠውን ሄልሜት ከነካ ለመቺው ቡድን 5 ነጥብ ይሰጣል፡፡ መሬት ላይ የተቀመጠ ባዶ ሄልሜት የማንንም ራስ አይጠብቅም፤ ኳስ ማገጃ እንዳይሆን መቅጣት ተገቢ ነው፡፡