ተጨማሪ መረጃ፦ የጥርስ ኢናሜል እንዴት ይጠነክራል?

በአጥቢ እንስሳት አካል ውስጥ እንደ ጥርስ ኢናሜል (የጥርስ ውጫዊ ሽፋን) የጠነከረ ነገር የለም። ከክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ነው፤ ይህም በዋናነት ከካልሲየምና ከፎስፌት የተሠራ ሃይድሮክሲአፓታይት የተባለ ክሪስታል ነው። ኢናሜልን የሚሠሩት አሜሎብላስት የተባሉ ሕዋሳት ሲሆኑ፣ ሥራቸውን የሚያከናውኑት ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሳለ ነው።

• የማመንጨት ደረጃ፦ ሕዋሳቱ አሜሎጀኒንንና ሌሎች ፕሮቲኖችን ያመነጫሉ፤ በመካከላቸውም ቀጫጭን ክሪስታሎች ይፈጠራሉ። ኢናሜሉ ሙሉ ውፍረቱን ቢይዝም ገና ለስላሳ ነው።

• የመብሰል ደረጃ፦ ኢንዛይሞች ፕሮቲኖቹን ሰባብረው ያስወግዳሉ። በተለቀቀው ቦታ ካልሲየምና ፎስፌት ስለሚገባ ክሪስታሎቹ ይወፍራሉ፤ ኢናሜሉም ይጠነክራል።

ጥርሱ ከድድ ሲወጣ አሜሎብላስቶች ይጠፋሉ። ስለዚህ የሰው ኢናሜል አንዴ ከተቦረቦረ መልሶ አይበቅልም። የአይጥ የፊት ጥርሶች ግን ዕድሜ ልክ ስለሚያድጉ ከሥራቸው አዲስ ኢናሜል ይሠራሉ።

ልብ በሉ፦ በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ አካባቢዎች የከርሰ ምድር ውኃ ብዙ ፍሎራይድ አለው። ሕፃናት ጥርሳቸው በሚሠራበት ዕድሜ ይህን ውኃ አዘውትረው ከጠጡ የኢናሜሉ መብሰል ይስተጓጎላል፤ ጥርሳቸውም ይበልዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው።