ጠዋት ተነስቶ ቀትር ላይ አልነሳ የሚል ትራክተር

በሐርቡ ሙቀት አነስተኛ ትራክተርዎ ጠዋት በቁልፍ ይነሳል፤ ቀትር ላይ አጥፍተውት ሲመለሱ ዝም ይላል። ሲበርድ ደግሞ ይነሳል። የዘር ወቅት እርጥበት እያመለጠ ነውና ባትሪ ለመግዛት ወደ ኮምቦልቻ መሮጥ ያምራል፤ ነገር ግን አይቸኩሉ።

ምርመራው መደረግ ያለበት ትራክተሩ እምቢ ባለበት ሰዓት ነው፤ በደህናው ጊዜ ቢፈትሹት ምንም አያገኙም። ማርሹን አውጥተው የእጅ ፍሬን ይያዙ። ቴስተሩን በባትሪው ራሶች ላይ ያሳርፉ። የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ገደማ ያሳያል። ረዳትዎ ቁልፉን ሲያዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ሳይደክም አልቀረም። ከ12 ሳይወርድ ሞተሪኖው ዝም ካለ ግን ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ያኔ ገመዶቹን ይከተሉ። ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሻንሲው የሚሄደው ገመድ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ጫፉን ዝገትና ጭቃ ይይዘዋል፣ ሲሞቅም ይብሳል። ኔጌቲቩን አስቀድመው ይፍቱ፤ ጫፎቹን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቁ ፈግፍገው ያጥብቁ፤ ኔጌቲቩን በመጨረሻ ይመልሱ። ካልተፈታ በፍሪሲዮን ፔዳሉ ወይም በመቀመጫው ሥር ያለውን የደህንነት ማብሪያ ይመልከቱ፤ መንቀጥቀጥ ያላላዋል።

ሞተሪኖውን በካቻቢቴ አገናኝቶ ማስነሳት የተለመደ ነው፤ አያድርጉት። ማርሽ ገብቶ ከሆነ ትራክተሩ በላይዎ ላይ ይሄዳል።