የተጎዳ ዲስክና ቀዶ ሕክምናው

ወገቡን ታሞ ቀዶ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ዲስኩ ወደ ቦታው ተመልሶ የሚጠገን ይመስለዋል። አይጠገንም። ዲስክ ማለት በአከርካሪ አጥንቶች መካከል የተነጠፈ፣ ዙሪያው ጠንካራ፣ ውስጡ ዝልግልግ የሆነ ትራስ ነው፤ በጠቅላላው 23 አሉን። የአዋቂ ሰው ዲስክ እስከ ውስጡ የሚደርስ የደም ሥር ስለሌለው ቁስሉ እንደ አጥንት ስብራት አይጠግግም። «ተንሸራተተ» ይባል እንጂ ዲስኩ ከቦታው አይሄድም፤ ዙሪያው ሲሰነጠቅ የውስጡ ይወጣና ነርቭ ይጫናል። ሕመሙ ከመቀመጫ ተነስቶ በእግር እስከ ጣት የሚወርደው ለዚህ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሐኪሞች ይህን ቁራጭ አውጥተው ሲያዩት የልም አጥንት ዕጢ መስሏቸው ነበር። ነገሩን ያጠሩት በቦስተን የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ዊልያም ሚክስተርና የአጥንት ሐኪሙ ጆሴፍ ባር ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተሙት ጽሑፍ የሚወጣው የዲስክ ስባሪ መሆኑን አሳዩ። ዛሬም በብዛት የሚሠራው ያንኑ ስባሪ ማውጣት ነው፤ ልዩነቱ ከ1970ዎቹ ወዲህ በማይክሮስኮፕ መታገዙ ነው። ታካሚው ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶት በሆዱ ይተኛል። ሐኪሙ ቆዳውን ጥቂት ሴንቲሜትር ከፍቶ፣ ጡንቻውን ገፋ አድርጎ፣ ከአጥንቱ ትንሽ ቀንሶ ነርቩን ያገኘዋል። እሱን ገለል አድርጎ የወጣውን ቁራጭ ይለቅማል። የተሰነጠቀው ዙሪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሰፋም፤ በአንዳንዱ ሰው ችግሩ የሚያገረሸውም በዚያው በኩል ነው። ከዚህ ቀዶ ሕክምና ይበልጥ የሚጠቀመው እግር ነው፤ የወገቡ ሕመም እንደ እግሩ አይለቅም።

ሁለተኛው መንገድ ዲስኩን አውጥቶ፣ በቦታው የአጥንት ንቅለ ተከላ አኑሮ፣ ሁለቱን አጥንቶች በብሎን ማሰር ነው። ከወራት በኋላ አጥንቶቹ ይገጥማሉ፤ ያ መገጣጠሚያ ግን ከዚያ ወዲያ አይታጠፍም፣ ጫናውም ወደ ጎረቤት ዲስኮች ይሄዳል። አከርካሪው ከመስመር ሲወጣ ተገቢ ነው፤ ለወገብ ሕመም ብቻ ሲባል ግን ቸኩሎ የሚገባበት አይመስለኝም።

እንቅስቃሴውን ላለማጣት የታሰበው ሰው ሠራሽ ዲስክ ነው። ከፈጣሪዎቹ አንዷ ካሪን ቡትነር ያንስ፣ በ1972ቱ የሙኒክ ኦሎምፒክ ለምሥራቅ ጀርመን ሁለት የጂምናስቲክ ወርቅ ያመጣችው ስፖርተኛ ናት። ሐኪም ሆና ከኩርት ሼልናክ ጋር በበርሊኑ ሻሪቴ ሆስፒታል የሠሩት፣ በሁለት የብረት ሳህኖች መካከል ፕላስቲክ ያለበት ዲስክ፣ በ1984 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተገጠመ። የወገቡ ዲስክ የሚገባው በሆድ በኩል ስለሆነ ትልልቅ የደም ሥሮችን ማለፍ ግድ ይላል። (ከፓፓያ የሚገኝ ኢንዛይም በመርፌ ወግቶ ዲስክን ማሟሟትም ተሞክሮ ነበር፤ ከባድ አለርጂና የነርቭ ጉዳት ስላስከተለ ቀርቷል።)

አብዛኛው ታማሚ ግን ከእነዚህ አንዱም አያስፈልገውም። የወጣውን ስባሪ ሰውነት ቀስ በቀስ ይመጠዋል፤ ሕመሙም በብዙዎች ላይ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይቀላል። ሽንት አልወርድ ካለ፣ ወይም ብልትና መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ወይም ሁለቱም እግሮች ከዛሉ ግን ወጌሻ ዘንድ አይሂዱ፣ ነገንም አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረሱ።