ስድስተኛዋም ሴት ብትሆንስ?

ሰሞኑን ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ወደምትገኘው አዴት፣ አጎቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። አጎቴ የአምስት ሴቶች አባት ናቸው። ባለቤታቸው ደግሞ ስድስተኛውን አርግዘዋል። «አምስቴ ሴት ሆኗል፤ አሁን ተራው የወንድ ነው። ካልሆነ ሌላ አገባለሁ!» ብለው ቁርጡን ተናገሩ። ባለቤታቸው አንገታቸውን ደፉ።

እኔም ሳንቲም አወጣሁና አምስተኛ ክፍል የምትማረውን ልጃቸውን «ዘውድ ወይስ ጎፈር እያልሽ ወርውሪ፤ የወጣውን በጭረት መዝግቢ» አልኳት። 60 ጊዜ ወረወረች። ጭረቱን ስንቆጥር ዘውድ 33፣ ጎፈር 27 ሆነ። በመሃሉ ጎፈር አምስት ጊዜ ተከታትሎ ሲወጣ አጎቴ «ቀጥሎ ዘውድ ነው!» ብለው ነበር። ይገርማችኋል፣ ስድስተኛውም ጎፈር!

ነገሩ እንዲህ ነው። አምስት ጎፈር ተከታትሎ የመውጣቱ ዕድል ከ32 አንድ ነው። አምስቱ ከወጡ በኋላ ግን የስድስተኛው ዕድል ያው ግማሽ በግማሽ ነው። ሳንቲም ያለፈውን አያስታውስም። ማኅፀንም ተራ አይቆጥርም። በዓለም ላይ ለ100 ሴቶች 105 ያህል ወንዶች ይወለዳሉ፤ ከግማሽ ብዙም አይርቅም። ደግሞስ እናት የምትሰጠው ኤክስ ክሮሞዞም ብቻ ነው፤ ኤክስ ወይም ዋይ የሚሰጠው አባት ነው።

«ታዲያ ጥፋቱ የኔ ሊሆን ነው?» አሉ አጎቴ።

«የማንም አይደለም ጋሼ» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ሌላ አገባለሁ የሚለውን ግን አልደገሙትም።

እናንተ ወጣት ባሎችስ? በዕድል ለመጣ ነገር ሚስት አትክሰሱ!