ውሃ ይግባኝ አይቀበልም

ዛሬ ሪሞት የማያውቅ ሕፃን የለም። ቴሌቪዥኑ በሪሞት ነው፤ የመኪናው በር በሪሞት ነው፤ የባለጸጋው የግቢ በር እንኳ ዘበኛ ሳይጠራ በሪሞት ይከፈታል። ለመሆኑ ያለ ሽቦ፣ በሬዲዮ ሞገድ ከሩቅ እየታዘዘ በሕዝብ ፊት ከተንቀሳቀሱት ዕቃዎች ቀዳሚው ምን ይመስላችኋል? ጀልባ ነው። ኒኮላ ቴስላ የተባለው የፈጠራ ሰው እ.ኤ.አ. በ1898፣ ማለትም ከአድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ፣ ኒውዮርክ በሚገኘው ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ በተዘጋጀ ገንዳ ላይ ትንሽ ጀልባ አስቀምጦ፣ ራቅ ብሎ ቆሞ ግራና ቀኝ ሲያዞራት ተመልካቹ ዓይኑን ማመን አቃተው። አስማት ነው ያለ ነበረ፤ ውስጧ የሠለጠነ ዝንጀሮ ተደብቋል ያለም እንደነበረ ይነገራል። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 8 ቀን ቁጥር 613,809 የሆነ የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ ተሰጠው።

ይህን ያነሳሁት የእህቴ ልጅ የዛሬ ዓመት ክረምት «ጋሼ፣ የእሽቅድድም ጀልባ በእጃችን እንሥራ» ብሎ ስላስቸገረኝ ነው። እሱ አዳማ ውስጥ ቴክኒክ የሚማር ወጣት ነው። እኔ ደግሞ ሕግ ተምሬ በወረቀት ስኖር ሃምሳዎቹን የተሻገርኩ ሰው ነኝ። አንድ ጎረቤታችን አናጢ ጨምረን ሦስት ሆንን። ጀልባዋ ዛሬ አለች፤ ትሮጣለችም። እንዴት እንደተሠራች ልንገራችሁና ከዚያ ወደ ቁምነገሩ እንሄዳለን።

በቅድሚያ አንድ ሒሳብ። ውሃን እየሰነጠቀ የሚሄድ ጀልባ ራሱ የፈጠረው ማዕበል ያግደዋል። ጀልባው ባጠረ ቁጥር ገደቡም ዝቅ ይላል። የእኛዋ ርዝመቷ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚህ ርዝመት ገደቡ በሰዓት 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ገበያ የሚሄድ ሰው ይቀድማታል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ለመሮጥ ጀልባዋ ውሃው ውስጥ መሄዷን ትታ በውሃው ላይ መንሸራተት አለባት። እንግዲህ የእሽቅድድም ጀልባ ጥበብ በሙሉ ይኸው ነው፤ ክብደትን መቀነስ፣ የሆዷን የኋላ ክፍል ደግሞ ቀጥ ማድረግ።

ሥራው የሚጀምረው ከወረቀት ነው። ጀልባዋን በእውነተኛ መጠኗ፣ ከጎንና ከላይ ሳሏት፤ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 20 ሴንቲ ሜትር ወርድ። ቀጥሎ ያልተጣመመ ወፍራም ጣውላ ፈልጉና መሐሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ጀልባዋ ተገልብጣ የምትሠራው በዚህ ጣውላ ላይ ነው። ጣውላው ከተጣመመ ጀልባዋም ትጣመማለች። የእኛ አናጢ ጣውላ ሲመርጥ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀ። የእህቴ ልጅ ተቁነጠነጠ። አናጢው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብሎ ዝም አሰኘው።

አጽሟ ከ3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይቆረጣል። አንድ የጀርባ አጥንት፣ አራት ወይም አምስት የጎድን አጥንቶችና አንድ የኋላ ግድግዳ ይበቃሉ። የሆዷ ቅርጽ ከፊት እንደ መጥረቢያ የሾለ፣ ወደ ኋላ ሲሄድ እየተዘረጋ 15 ዲግሪ ያህል የሚቀረው ነው። አጥንቶቹ ጣውላው ላይ ቆመው በስኳድራ ከተስተካከሉ በኋላ በጎንና በጎን ቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች ይታሰራሉ። ልባሷ ከተገኘ ከ3 ሚሊ ሜትርም የሳሳ ኮምፔንሳቶ ቢሆን ይመረጣል። ከፊት በኩል መታጠፍ ያለበትን በፈላ ውሃ አርሶ፣ አስሮ ማሳደር ነው። በማግሥቱ ቅርጹን ይይዛል። ሞርሳ ለሌለው የልብስ መቆንጠጫ ይበቃል። ማጣበቂያው ላይ ግን መሰሰት አይገባም። ተራው የእንጨት ኮላ ውሃ ሲነካው ይለቃል። ሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ የሚደርቀው ኢፖክሲ ነው የሚያዋጣው።

ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት። አሰልቺው ሥራ ይሄ ነው፤ ወሳኙም ይሄ ነው። የሆዷ የኋላ ሲሶ ላይ ማስመሪያ ሲጋደም ብርሃን በሥሩ ማለፍ የለበትም። ወደ ውጭ ካበጠ ጀልባዋ እንደ እንቁራሪት ትዘላለች፤ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ አፍንጫዋን ውሃ ውስጥ ትቀብራለች። የኋላው ጠርዝ ደግሞ እንደ ቢላዋ ስለት መሆን አለበት። ከተድቦለቦለ ውሃው ጠርዙን ተከትሎ ይጠመዘዝና ጀልባዋን ወደ ታች ይስባታል። ለዓይን ይበልጥ የሚያምረው ድቡልቡሉ ነው፤ ውሃ ግን ለውበት ነጥብ አይሰጥም።

ውስጡም ውጭውም ሳይቀር በቀጭን ኢፖክሲ ይቀባል። የጣና ሰዎች ታንኳቸውን ከደንገል ሠርተው ከተጠቀሙባት በኋላ ከውሃ አውጥተው የሚያደርቋት ደንገሉ ውሃ ስለሚጠጣ ነው። ኮምፔንሳቶም ካልተሸፈነ ይጠጣል፤ ከጠጣ ያብጣል፤ ካበጠ ያ ሁሉ የማስመሪያ ሥራ ከንቱ ነው። አፍንጫዋ ውስጥ የዕቃ ማሸጊያ ፎም ይጠቀጠቃል። ብትገለበጥም አትሰጥምም።

ሞተሩ ብሩሽ አልባ የሚባለው ዓይነት ቢሆን ጥሩ ነው። ሞተሩ ላይ 2,000 ኬቪ የሚል ከተጻፈ፣ በአንድ ቮልት በደቂቃ 2,000 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ሦስት ሊቲየም ሴሎች በተከታታይ ሲቀጠሉ 11.1 ቮልት ይሰጣሉ፤ ያለ ጭነት 22,200 ዙር ይሆናል። ይህን ወደ ፕሮፔለሩ የሚያደርሰው በነሐስ ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ የብረት ዘንግ ነው። ቱቦው ግሪስ ካልተሞላ ውሃ በእሱ በኩል ይገባል። ሞተሩን ለማቀዝቀዝ ቀጭን ቱቦ ከኋላ ውሃ ቀድቶ በሞተሩ ዙሪያ አዙሮ በጎን ይተፋዋል። ባትሪው ወዲያና ወዲህ እየተገፋ የክብደቷ ማዕከል ከኋላ ግድግዳ 18 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። የሬዲዮ መቀበያው አንቴና ከውሃው ወለል በላይ ይቁም፤ ውሃ ሞገዱን ይውጠዋል። ሊቲየም ባትሪን ግን አደራ፤ ያለ ትክክለኛ ቻርጀር አትሙሉት፤ ያበጠውን አትጠቀሙበት። እሳቱ በቀላሉ አይጠፋም።

የት ትሮጣለች? ዕድለኞች ነን፤ ከአዳማ ተነስቶ ደቡብን ለያዘ ሰው ውሃ በውሃ ነው። ቆቃ አለ፤ ዝዋይ አለ፤ ላንጋኖ አለ። ሁሉም ግን ጠባይ አላቸው። በአገራችን እምቦጭ መኖሩ በይፋ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ ላይ ነው። ፕሮፔለር ላይ አንድ ሥር ከተጠመጠመ ሞተሩ ይነዳል። ዝዋይ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ለ60 ሴንቲ ሜትር ጀልባ ውቅያኖስ ይሆናል። ስለዚህ ማለዳ ነው። ከሁሉም በላይ፣ ጀልባዋ መሐል ላይ ብትቆም ማንም ሰው ዋኝቶ አያምጣት! ጉማሬ አለ፤ ቢልሃርዚያ አለ፤ ዋና የማይችል ልጅም አለ። የቴኒስ ኳስ በሲባጎ አስሮ መወርወር ወይም ዓሣ አስጋሪውን በትህትና መለመን ነው። የኮምፔንሳቶ ጀልባ በሌላ ትተካለች።

አሁን ወደ ቁምነገሩ። እንጨቱ ተገኘ፤ አናጢው ተገኘ፤ ሞተሩም ተገኘ። ያስቸገረን መቆጣጠሪያው ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ይዘህልን ና» ሲባል «ኤርፖርት ላይ ምን ይሉኛል?» አለ። ፍርሃቱ መሠረት የለውም ማለት አልችልም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ማምረትን፣ መገጣጠምንና ማስመጣትን ከ10 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስከትል ወንጀል አድርጎ ደነገገ። ሕጉ ያነጣጠረው የስልክ ጥሪ በስርቆሽ በር በሚያሳልፉት ላይ እንደነበረ ግልጽ ነው። የጀልባ መቆጣጠሪያ ለማንም የቴሌኮም አገልግሎት አይሰጥም፤ በእኔ ንባብ ከዚያ ወንጀል ጋር አይገናኝም። ነገር ግን መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ዳኛ አይደለም። አንቴና ያለው ዕቃ ሲያይ ይጠራጠራል፤ ሲጠራጠር ይይዛል። አልፈርድበትም። እኛም በመጨረሻ ከተሰበረ የመጫወቻ መኪና ሬዲዮውን ፈትተን ገጠምነው።

ድሮን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይበርራል፣ ካሜራ ይሸከማል፣ ጥንቃቄ ይገባዋል። ጀልባ ግን ከሐይቁ አትወጣም። ዛሬ የሚሸጡት መቆጣጠሪያዎች የሚሠሩበት 2.4 ጊጋኸርዝ በየካፌው ያለው ዋይፋይና በየኪሳችን ያለው ብሉቱዝ የሚጠቀሙበት ሞገድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሞገድ አስተዳደርና የመሣሪያ ፈቃድ ሥልጣን አለው። የምጠይቀው ትንሽ ነው። አነስተኛ ኃይል ያላቸው የመጫወቻና የመማሪያ መቆጣጠሪያዎች እንዴት እንደሚስተናገዱ በአንድ ገጽ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ በየጉምሩክ መስኮቱ ይለጠፍ። ሠራተኛውም ከጥርጣሬ፣ ወጣቱም ከፍርሃት ይድናሉ።

«ለመጫወቻ ይህን ያህል?» የሚለኝ አይጠፋም። እንግዲያው አንድ ታሪክ ልጨምር። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን በደንገል ጀልባ ለማቋረጥ ሲነሳ፣ ደንገሉ የተወሰደው ከጣና ነው። ጀልባዋን የሠሩት ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ሣሩ የእኛ፣ እጁ የሌላ! ይህ እንዳይደገም ከፈለግን እጅ መለማመጃ ያስፈልገዋል። ለ60 ሴንቲ ሜትር ጀልባ የሚያስፈልገው ሒሳብ፣ ለዓሣ አስጋሪው ጀልባ ከሚያስፈልገው ብዙ አይርቅም። የዘይ ሕዝብ በዝዋይ ደሴቶች ላይ ለዘመናት ሲኖር ከየብስ ያገናኘው ጀልባ ነው። አዳማ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አላት። ቢሾፍቱ ባቦጋያ ላይ የመርከብ ባለሙያ ይሠለጥናል። በእነዚህ መካከል በዓመት አንድ ቀን፣ ላንጋኖ ዳር፣ ተማሪዎች በእጃቸው በሠሯቸው ጀልባዎች ቢሽቀዳደሙ ምን ይጎዳል? በአውሮፓ ናቪጋ የሚባለው የሞዴል ጀልባ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ይህንኑ ሲያደርግ ኖሯል።

ሕግ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። ችሎት ላይ አንደበት ያዋጣል፤ ቀጠሮ ይለመናል፤ ከተፈረደም ይግባኝ አለ። በየመሥሪያ ቤቱም ሪፖርት አሳምሮ መጻፍ ሥራ ከመሥራት ሲበልጥ አይተናል። ውሃ ላይ ግን የተጣመመው ይገለበጣል፤ ያልታሸገው ይሰጥማል፤ የቀናው ይሮጣል። ልጆቻችን ገና በወጣትነታቸው እንዲህ ካለው ዳኛ ፊት ደጋግመው ቢቆሙ ለአገር የሚተርፍ ይመስለኛል።

ቸር እንሰንብት።