ስትመለሺ የት ከተማ ትኖሪያለሽ?

ኮንትራትሽ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ቀርተውታል እንበል። ማዳም «ሁለት ዓመት ጨምሪ» እያለችሽ ነው። እናትሽ ደግሞ በስልክ «በቃ፣ ነይልኝ» ይላሉ። የአንቺም ልብ ለመመለስ ተነሥቷል። ለማን ምን እንደምትገዢ፣ ሻንጣው ስንት ኪሎ እንደሚይዝ አስበሽ ጨርሰሻል። አንድ ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይታለፋል፤ የምትመለሺው ወደ የትኛው ከተማ ነው?

«ወደ ሀገሬ ነዋ!» ትዪ ይሆናል። ነገር ግን ስድስት ወይም ስምንት ዓመት ቆይታ ለምትመለስ ሴት የገዛ ሀገሯም አዲስ ሀገር ነው። የዕቃው ዋጋ፣ የቤት ኪራዩ፣ የሰፈሩ ሰው፣ ትተሽው የመጣሽው ልጅ ሳይቀር ተለውጧል። ወደ ሪያድ፣ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ኩዌት ስትመጪ ከተማውን የመረጠልሽ ኤጀንሲው ነበር። የመመለሻውን ከተማ ግን የምትመርጪው አንቺ ራስሽ ነሽ። ስለዚህ ቲኬት ከመቆረጡ በፊት በደንብ አስቢበት።

መጀመሪያ ሥራው፣ ቀጥሎ ቤቱ

ብዙ እህቶቻችን ነገሩን የሚጀምሩት ከመጨረሻው ነው። «ርካሽ ቦታ ተገኝቷል» ሲባሉ ገንዘብ ይልካሉ፤ ቤቱ ይሠራል፤ ከተመለሱ በኋላ ነው «እዚህ ምን ሠርቼ ልብላ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው። ቤት መጠለያ ይሆናል እንጂ ራት አይሆንም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ያለ ሥራ የተገዛ ቤት ብዙዋን ሴት ቤቱን ሸጣ ዳግም ወደ ስደት እንድትወጣ አድርጓታል።

ስለዚህ ለራስሽ ሁለት ነገር ጠይቂ። እኔ የምችለው ሥራ ምንድን ነው? ለዚያ ሥራ ገንዘብ የሚከፍል ሰው የሚገኘውስ የት ነው? የምትችዪውን ደግሞ አታሳንሺው። አረብኛ ተምረሻል፤ የአረብ ምግብ ትሠሪያለሽ፤ ሕፃን አሳድገሻል፤ ምናልባትም አረጋዊ አስታመሻል። ይህ ሁሉ ሙያ ነው፤ ዋጋው ግን በየከተማው ይለያያል።

ከተሞቹን በአጭሩ

አዲስ አበባ፦ ሥራ በብዛትም በዓይነትም ያለው እዚያ ነው። ሆቴሎች፣ ኤምባሲዎች፣ የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት፣ ከውጭ የሚመጡ እንግዶችና ቤተሰቦች ስላሉ ቋንቋሽና ሙያሽ ፈላጊ የማግኘት ዕድላቸው ሰፊ ነው። ኪራዩ ግን ከባድ ነው። ርካሽ ቤት ፍለጋ ወደ ዳር ከወጣሽ ደግሞ ጊዜሽ በታክሲ ሰልፍ ያልቃል።

አዳማ፦ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የፍጥነት መንገድ ጉዞውን አሳጥሮታል፤ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡርም በዚያ ያልፋል። መንገደኛ፣ ሹፌርና የስብሰባ እንግዳ የሚበዛበት ከተማ ስለሆነ ለምግብ ሥራ ይመቻል። ሙቀቱ ደግሞ ለባሕረ ሰላጤው ነዋሪ ብርቅ አይደለም።

ሐዋሳ፦ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። የኢንዱስትሪ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲከፈት ብዙ ወጣት ሴቶችን ስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ስትወጣ ግን ፓርኩ ተጎድቷል። የፋብሪካ ደመወዝ እዚህ ከለመድሽው ጋር አይወዳደርም። ሆኖም ሠራተኛ በብዛት ያለበት ከተማ ምሳ የሚገዛ፣ ክፍል የሚከራይ፣ ፀጉሩን የሚሠራ ሰው አያጣም።

ድሬዳዋ፦ የንግድና የባቡር ከተማ ናት፤ የሀገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠናም እ.ኤ.አ. በ2022 የተከፈተው እዚያ ነው። መነገድ ለምትወድ ሴት ጥሩ ናት።

ደሴና ኮምቦልቻ፦ ለወሎ ልጆች ከዘመድ ሳይርቁ ከተማ ውስጥ መኖር የሚቻልባቸው ናቸው። ሁለቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚራራቁ በአንዱ እየኖሩ በሌላው መሥራት ይቻላል። ነገር ግን በአማራ ክልል እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ግጭት ስላለ የመንገዱንና የአካባቢውን ሰላም አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ለየትኛውም ከተማ ቢሆን ይህን ጥያቄ አትርሺ፤ ዕቃ የማይደርስበት ሱቅ ይዘጋልና።

ገንዘብሽ ስንት ወር ያቆይሻል?

ለስሌት ያህል 600,000 ብር ይዘሽ ገባሽ እንበል። ለኪራይ፣ ለቀለብና ለልጅ ትምህርት በወር 30,000 ብር የምታወጪበት ከተማ ከኖርሽ ያ ገንዘብ የሚያቆይሽ 20 ወር ነው። በወር 15,000 ብር በሚበቃበት ከተማ ግን 40 ወር ያደርሳል። ልዩነቱ ሥራ እስኪቆምልሽ የምትታገሺበት ጊዜ ነው። ታዲያ ሁለቱን አመዛዝኚ፤ ትልቁ ከተማ ቶሎ ያስገኛል፣ ቶሎም ይበላል።

ካለሽ ገንዘብ ላይ ቢያንስ የስድስት ወር ቀለብ ለይተሽ አስቀምጪ፤ የሥራ መነሻውን ከዚያ ጋር አትቀላቅዪው። የብር ዋጋም እንደሚለዋወጥ አስታውሺ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከሦስት ዓመት በፊት የሰማሽው የቤት ወይም የዕቃ ዋጋ ዛሬ አይሠራም ማለት ነው።

ቅርብ ዘመድ፣ ሩቅ ዘመድ

ይህ ከሁሉም የሚከብደው ነው። ተወልደሽ ያደግሽበት ከተማ ከሆንሽ እናት አለች፣ ልጅ የሚይዝ አለ፣ እድር አለ፣ ሲያምሽ የሚጠይቅሽ አለ። ይህ በገንዘብ አይገዛም። በሌላ በኩል «ከዓረብ ሀገር መጣች» የተባለች ሴት ደጅ ሲንኳኳ ይውላል። ወንድም ባጃጅ ይፈልጋል፤ የአክስት ልጅ ብድር ይጠይቃል። እምቢ ማለት የሚከብድሽ ከሆነ፣ ከቤተሰብ የሁለትና የሦስት ሰዓት መንገድ ርቀሽ መኖር ጭካኔ አይደለም። ለእናትሽ በየወሩ የምትልኪው የሚኖርሽ ገንዘብሽ ሲቆይ ነው። ልጅ ካለሽ ደግሞ ልጅሽንም አማክሪ። አያቱ ጋ ያደገ ልጅን ከትምህርት ቤቱና ከጓደኞቹ በአንድ ቀን መንቀል ለእሱም ሌላ ስደት ነው።

መሬት፣ ቤትና ወረቀት

ደላላ «መሬት ልሽጥልሽ» ሲልሽ ቆም በዪ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤት ነው፤ እሱም ካርታ ሊኖረው ይገባል። ካርታ የሌለውን «የጨረቃ ቤት» የገዛ ሰው መንግሥት ሲያፈርስበት ካሳ ላያገኝ ይችላል። ካርታውን በፎቶ ማየት አይበቃም፤ ትክክለኛነቱ ከከተማው የመሬት ይዞታ ቢሮ ይጣራ። በአንቺ ምትክ የሚገዛ ሰው ካለ ውክልናውን በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ስጪ፤ ምን እንዲሠራ እንደፈቀድሽለት በዝርዝር ይጻፍ፤ ቤቱም በአንቺ ስም ይመዝገብ። እምነት እንዳለ ሆኖ ወረቀት ይቅደም።

ለኪራይም ሕግ አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 በሚሠራባቸው ከተሞች አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም፤ ውሉም ከሁለት ዓመት አያንስም። ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ከነበርሽበት ቀበሌ ወደ ሌላ ከተማ ለመዛወር ደግሞ የመሸኛ ደብዳቤ ትጠየቂያለሽ። ፋይዳ ማንነትሽን ያሳያል እንጂ የከተማው ነዋሪ መሆንሽን አያረጋግጥም፤ ስለዚህ መሸኛውን አስቀድመሽ ጠይቂ።

አይተሽ ወስኚ

ለእረፍት የምትሄጂበት ዕድል ካለሽ ሁሉንም ቀን በሠርግና በጥየቃ አትጨርሺው። ሁለት ከተማ መርጠሽ በእያንዳንዳቸው ጥቂት ቀን እደሪ። ጠዋት ገበያ ውጪ፤ ልትሠሪ ያሰብሽውን ሥራ የሚሠሩ ሴቶች ስንት እንደሆኑ ቁጠሪ። አንድ መንገድ ላይ ስድስት ካፌ ካለ ሰባተኛውን አትክፈቺ። ከአንቺ በፊት ተመልሳ እዚያ የምትኖር እህት ፈልገሽ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂያት፦ «የመጀመሪያውን ዓመት እንዴት አለፍሽው?»

መሄድ ካልቻልሽም ስልክ አለ። በሚቀጥለው የእረፍት ቀንሽ አንድ ወረቀት አውጪና የሁለት ከተማ ስም ጎን ለጎን ጻፊ። በየሥራቸው ኪራይ፣ ሥራ፣ ትምህርት ቤት፣ ሰላም፣ ዘመድ ብለሽ አስቀምጪ። ከዚያ በየከተማው ለምታውቂው ሰው ደውለሽ የሰማሽውን ሙዪበት። ባዶ የቀረ መስመር ካለ እስኪሞላ ድረስ ለቤትም ለቦታም ቀብድ አትላኪ።