ስምንተኛዋ ደረጃ

ዳቬይተን አንድ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ነበራት። ከጆሃንስበርግ በስተምሥራቅ፣ ባቡሩ ሐዲዱን ጨርሶ የሚቆምባት ይህች ሎኬሽን፣ ማለትም የጥቁሮች ሰፈር፣ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1955 ሲሆን ስሟም ዊሊያም ዴቪ ከተባለ የቤኖኒ ከንቲባ የመጣ ነው። ከጥቁሮች ሰፈሮች ሁሉ ቀድሞ መብራት የገባላት እሷ ናት ይባላል። በ1981 የአፓርታይድ መንግሥት በከተማ የሚኖሩ ጥቁሮች ለብቻቸው የሚማሩበት ቪስታ የሚባል ዩኒቨርሲቲ ሲያቋቁም፣ ከካምፓሶቹ አንዱ የተተከለው እዚሁ ነበር። በ2004 ቪስታ ሲበተን የዳቬይተኑና የሶዌቶው ካምፓስ ለራንድ አፍሪካንስ ዩኒቨርሲቲ ተሰጡ። በዓመቱ እሱም ከሌላ ተቋም ጋር ተዋሕዶ የጆሃንስበርግ ዩኒቨርሲቲ፣ በተለምዶ ዩጄ፣ ተባለ። ዛሬ ዩጄ ካምፓሶቹን ሲቆጥር ሁለቱ ኦክላንድ ፓርክ፣ አንዱ ዱርንፎንቴን፣ አንዱ ሶዌቶ ናቸው። ዳቬይተን ከቁጥር ወጥታለች። አሁን ያላት የኢኩርሁሌኒ ኢስት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ቅርንጫፍ ነው፤ እሱ ደግሞ ሙያ እንጂ ዲግሪ አይሰጥም።

እንግዲህ እዚህ ሎኬሽን ውስጥ ስፓዛ ከሚሉት የሰፈር ሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ ዳቦና ኤርታይም እየሸጠ፣ ከሀገር ቤት ይዞት የመጣውን የአይቲ ዲግሪ በማስተርስ ሊያድስ የሚያስብ ወጣት አለ እንበል። ይህ ጽሑፍ ለእሱ ነው። መጀመሪያ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ትልቁ መሰናክል ማስተርሱ አለመሆኑን ነው። ከማስተርሱ በፊት ያለችው፣ በሀገራችን የትምህርት መሰላል ላይ ስሟ የማይታወቅ አንዲት ደረጃ ናት።

ደቡብ አፍሪካ ማንኛውንም የትምህርት ማስረጃ በአሥር ደረጃዎች ትመድባለች። የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያው ማትሪክ አራተኛው ላይ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ በተለምዶ ሦስት ዓመትና 360 ክሬዲት ሆኖ ሰባተኛው ላይ ይቀመጣል። ማስተርስ ዘጠነኛ፣ ዶክትሬት አሥረኛ ነው። ስምንተኛውን የያዘው «ኦነርስ» የሚሉት የአንድ ዓመት ትምህርት ነው፤ 120 ክሬዲት አለው፣ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 30ው በምርምር ሥራ መሸፈን አለበት። የሀገራችን ሰው ኦነርስ ሲባል የማዕረግ ተመራቂ ይመስለዋል፤ እዚህ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ዲግሪ ነው። በስምንተኛው ላይ ፖስትግራጁዌት ዲፕሎማም አለ፤ አራት ዓመት የሚፈጁ አንዳንድ ዲግሪዎችም በቀጥታ እዚያው ይመደባሉ። ከስምንተኛው በታች ያለ ወረቀት ይዞ የማስተርስን በር ማንኳኳት ግን ከንቱ ድካም ነው።

«የእኔ ዲግሪ አራት ዓመት ፈጅቷል፤ ታዲያ ስምንተኛ አይደለም ወይ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ጋ ይመጣል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን የሚሰጠው ግን የዓመቱ ቁጥር አይደለም። የውጭ ሀገር ማስረጃን የሚመዝነው ሳክዋ የሚባለው መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ እሱም የሚያየው ትምህርቱ ምን ያህል እንደጠለቀና በዚህ ሀገር ከየትኛው ማስረጃ ጋር እንደሚቀራረብ ነው። ሳክዋ ከመዘነ በኋላም የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው የሚያመለክቱበት ፋኩልቲ ነው። አንዱ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ማስተርስ ሲያስገባ፣ ሌላው ያንኑ ወረቀት አይቶ «ኦነርስ ጀምር» ሊል ይችላል። እኔ እንደ ውርደት አላየውም። ከትምህርት ገበታ ብዙ ዓመት ለራቀ ሰው ኦነርስ የጠፋውን የፕሮግራሚንግ እጅ መፍቻ ነው፤ ደግሞም በኋላ የሚፈለገውን አማካሪ የሚያስተዋውቀው እሱ ነው።

ወረቀቱን ለሚዛን ማቅረቡ ራሱ ታሪክ አለው። ከኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው በእጁ ይዞት የሚዞረው አብዛኛውን ጊዜ ጊዜያዊ ማስረጃውን፣ ቴምፖውን፣ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወጪ መጋራት ሥርዓት ተመራቂው ዕዳውን እስኪከፍል ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን ያስይዘዋል። ሳክዋም ሆነ ዩኒቨርሲቲዎቹ የሚፈልጉት ግን ዋናውን ነው። ስለዚህ ዳቬይተን ያለው ልጅ የማስተርስ ጉዞው የሚጀምረው ኮስት ሼሪንጉን አጠናቆ፣ ሀገር ቤት ያለ ወንድም ወይም እህት ውክልና ተቀብሎ ሪጅስትራር ደጅ እንዲጠናለት በማድረግ ነው። የደቡብ አፍሪካ የትምህርት ዘመን የሚከፈተው በጥርና በየካቲት ግድም በመሆኑ ማመልከቻው የሚገባው ባለፈው ዓመት ነው። ትራንስክሪፕቱን የሚያሯሩጥ ሰው እንቁጣጣሽን ከጠበቀ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ያልፈዋል።

ውጤትም ይጠየቃል። ብዙ ፋኩልቲዎች በስምንተኛው ደረጃ ትምህርት 60 ወይም 65 በመቶ አማካይ ይፈልጋሉ። ከ4 ነጥብ የሚሰላ ውጤት የለመደ ሰው ቁጥሩ ዝቅ ያለ ይመስለዋል፤ በዚህ ሀገር ግን 50 ማለፊያ፣ 75 ደግሞ ዲስቲንክሽን ስለሆነ 65 ቀላል ነጥብ አይደለም።

ቀጥሎ የስሙ ጣጣ አለ። «አይቲ» የሚለው ቃል ሀገር ቤት የአንድ ዲፓርትመንት ስም ነው፤ እዚህ ግን በተለያዩ ጣሪያዎች ሥር ተበታትኖ ነው የሚገኘው። ዩጄ ኮምፒውተር ሳይንስንና ሶፍትዌር ምህንድስናን ሳይንስ ፋኩልቲ ውስጥ፣ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስን ደግሞ ቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ውስጥ ያስተምራል። ፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስን «ኢንፎርማቲክስ» ይለዋል፤ በስሙ የአይቲ ማስተርስ የተባለ ዲግሪም አለው፤ ሲያሳጥሩት ኤም አይ ቲ ስለሚሆን የአሜሪካው የሚመስለው አይጠፋም። የቱን በር እንደሚያንኳኩ የሚወስነው በመጀመሪያ ዲግሪ የተወሰዱት ኮርሶች ዝርዝር ነው። ስልተ ቀመር፣ ዳታቤዝ፣ ኔትወርክና ሒሳብ የበዛበት ትራንስክሪፕት ወደ ሳይንሱ፣ ሲስተም ትንተናና አስተዳደር የበዛበት ወደ ቢዝነሱ ይመራል። በአካውንቲንግ የተመረቀ ሰው በማስተርስ በኩል ወደ አይቲ ልዝለል ቢል መጀመሪያ ታች ወርዶ መሠረቱን መማር ይኖርበታል።

ማስተርሱ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ኮርስ ተወስዶ በመጨረሻ አጠር ያለ ጥናት የሚጻፍበት፣ ሌላው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዲሰርቴሽን ብቻ የሆነ። ሱቅ ለያዘ ሰው ሁለተኛው የሚስማማ ይመስላል፤ ክፍል የለ፣ ፈተና የለ። በርቀት ለሚማርም ዩኒሳ አለለት። በ1873 የተመሠረተውና በ1946 የርቀት ትምህርት የጀመረው ይህ ዩኒቨርሲቲ አይቲውን የሚመራው ከጆሃንስበርግ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ፍሎሪዳ ካለው የሳይንስ ካምፓሱ ነው፤ አዲስ አበባ አቃቂም ማዕከል ከፍቶ ብዙ ኢትዮጵያውያን መምህራንን አስተምሯል። ነገር ግን ክፍል የሌለው ትምህርት የሚቆጣጠረው ሰውም የለውም። የመጀመሪያው ሥራ ፕሮፖዛል ነው፤ እሱ ተቀባይነት ካላገኘ የቀረው አይከፈትም።

አማካሪ ማግኘቱ ደግሞ ከመግቢያ ውጤቱም የሚብስ ማጣሪያ ነው። ነጥቡ ሞልቶለት «በመስኩ የሚያማክር የለንም» ተብሎ የሚመለስ ብዙ ነው። ስለዚህ ከማመልከቻው በፊት የዲፓርትመንቱን መምህራን ጽሑፎች ማንበብ፣ ከዚያም ለአንዱ ባጭሩ መጻፍ ይበጃል። «በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ መሥራት እፈልጋለሁ» የሚል ደብዳቤ መልስ የሚያገኝ አይመስለኝም። የሎኬሽን ሱቆች ካርድ መቀበያ ማሽን ገዝተው ለምን ጥሬ ገንዘብ እንደሚመርጡ ሊያጠና የሚፈልግ ሰው ግን ጥያቄም፣ ቦታም፣ የሚያናግራቸው ሰዎችም አሉት፤ ዳቬይተንን ከፕሮፌሰሩ የተሻለ የሚያውቃትም እሱ ነው። ሰው እስካናገረ ድረስ ግን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በ2013 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግም ስለ ደንበኞቹ የሚሰበስበውን ይገድበዋል።

አሁን ሰዓቱን እንቁጠር። አንድ ክሬዲት አሥር የሥራ ሰዓት ተብሎ ይሰላል። ማስተርስ 180 ክሬዲት ስለሆነ 1,800 ሰዓት ነው። ማታ ሱቁን ዘግቶ፣ ሒሳቡን ሠርቶ፣ በቀን ሁለት ሰዓት የሚያጠና ሰው እሑድም በዓልም ሳያርፍ 900 ቀን ይፈጅበታል፤ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ መሆኑ ነው። ኦነርስ ከቀደመ 1,200 ሰዓት ይጨመርና ነገሩ ከአራት ዓመት ያልፋል። መብራት የሚጠፋበት ማታ ሳይቆጠር።

ገንዘቡን በተመለከተ አንድ ነገር ልጥቀስ። የደቡባዊ አፍሪካ ልማት ማኅበረሰብ፣ ሳድክ፣ በ1997 በተፈራረመው የትምህርት ስምምነት የአባል ሀገር ተማሪዎች እንደ ሀገሬው እንዲከፍሉ ይላል። ኢትዮጵያ አባል አይደለችም፤ ስለዚህ በተማሪ ቪዛ የመጣ ልጃችን የውጭ ሀገር ሰው ዋጋ ይጠብቀዋል። የስደተኛነት ዕውቅና ያገኘውን እንደ ሀገር ልጅ የሚያስከፍሉ ዩኒቨርሲቲዎች ስላሉ ግን ሳይጠይቁ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም።

ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ሰው መማር ይችላል ወይ? አንዲት የዚምባብዌ ጥገኝነት ጠያቂ ልጇ ኮሌጅ እንዲገባላት ብላ የጀመረችው ክርክር ብሎምፎንቴን ከሚገኘው ከፍተኛ የይግባኝ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ጠያቂዎችን ከሥራና ከትምህርት በጅምላ ማገድ ሰብዓዊ ክብርን ይነካል ተብሎ በ2003 ተፈረደ። ከ2020 ጀምሮ ሕጉ ስለተሻሻለ ግን በጥገኝነት ጠያቂነት ፈቃዱ፣ በፔርሚቱ፣ ላይ ስለ ትምህርት የተጻፈውን ቃል በቃል ማንበብ ያስፈልጋል፤ የዩኒቨርሲቲው ሪጅስትራር ማንበቡ አይቀርምና።

ይህ ሁሉ አልፎ ዲሰርቴሽኑ ሲገባ ፊት ለፊት ቆሞ መከላከል የለም። ሀገር ቤት ለዲፌንስ ለብሰን፣ ዘመድ ጠርተን፣ አበባ ተቀብለን የምንጨርሰው ነገር እዚህ ባብዛኛው በጽሑፍ ብቻ ያልቃል። ሥራው ቢያንስ ሁለት መርማሪዎች ጋ ይላካል፤ አንዱ ከሌላ ተቋም መሆን አለበት። መልሱ ወራት ይወስዳል። እንዳለ ይለፍ ሊባል ይችላል፣ ጥቂት ይታረም፣ እንደገና ተሠርቶ ይቅረብ፣ ወይም ወድቋል። እንደገና ይቅረብ የተባለ ሰው ብዙውን ጊዜ ለአዲሱ ዓመት ይመዘገባል፣ ይከፍላልም። ጥቂት ይታረም የተባለው ደግሞ ሱቁን ዘግቶ፣ ሒሳቡን ሠርቶ፣ ወደ ገጽ ቁጥሮቹና ወደ ነጠላ ሰረዞቹ ይመለሳል።